ከ384 ጉበት ወደ ረግረጉ

በሆሳዕና ቄራ የታረዱ ከብቶችን ጉበት በመመርመር የጉበት ትልን ስርጭት የለኩ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። የናሙናው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በለመድነው ቀመር 384 ይሆናል፤ ውጤቱም ከዕድሜ፣ ከጾታና ከሰውነት ሁኔታ ጋር ይዛመዳል። ሥራው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቄራ የደረሰ ጉበት የሚመሰክረው ከወራት በፊት በአንድ ረግረግ ዳር ስለተፈጸመ ጉዳይ ነው። ከብቱ በሌሞ ደጋ ይሁን በሻሾጎ፣ በቦዮ ሐይቅ ዙሪያ፣ መበከሉን ከሠንጠረዡ ማወቅ ያዳግታል።

ቀንድ አውጣን በመኖሪያውና በምግቡ ማጥናት እንግዳ ነገር አይደለም። የቀይ ባሕሩን ዛጎል አልባ አዳኝ ሄክሳብራንከስ ሳንጉኒየስን ለሳይንስ ያስተዋወቁት ሩፔልና ሎይካርት ናቸው፤ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1831 በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን የዘለቀው ተጓዥ ነው። ይህ እንስሳ ስፖንጅ እንደሚመገብ፣ ከስፖንጁ የሚያገኘውን መርዝም በእንቁላሎቹ ውስጥ አኑሮ ከበላተኛ እንደሚከላከልላቸው ዛሬ ይታወቃል። የሩቅ ዘመዱ ጋልባ ትሩንካቱላ ግን በጽሑፎቻችን ውስጥ «መካከለኛ ተሸካሚ» ከሚል ሐረግ አያልፍም።

ይህ ባለዛጎል ፍጡር ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። መኖሪያው ጥልቅ ውኃ ሳይሆን የምንጭ ዳር፣ የቦይ ጠርዝና ከብት ሲረግጠው ውኃ የሚያቁር ጭቃ ነው። በበጋ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ወራትን ይሻገራል። ራሱን በራሱ ማዳቀል ስለሚችል አንድ ብቻ ቢተርፍ እንኳ ሥፍራውን እንደገና ይሞላዋል። በሞቃታማው ቆላ ደግሞ የሌላውን የጉበት ትል ዝርያ የሚያስተላልፈው ራዲክስ ናታለንሲስ ይኖራል፤ እርሱ ዘላቂ ውኃን ይወዳል። እንግዲህ ለሆሳዕና ደጋ የተቀመረ የመድኃኒት መስጫ ወቅት ለዝቅተኛው ቀበሌ ሊስማማ የሚችለው እንዴት ነው? መድኃኒቱን በገንዘቡ የሚገዛው በግ አርቢ ይህን ሊጠይቀን መብት አለው።

መግደያማ ከድሮም አለን። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ወንዝ እንዶድ በሚታጠብበት ሥፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተውለዋል። ይሁንና እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። የቀንድ አውጣ በላተኞችን ጉዳይ ደግሞ የነካነው እምብዛም ነው፤ በአፍሪካ ረግረጎች የሚኖሩት የሴፔዶን ዝንቦች ዕጮች ቀንድ አውጣን አድነው ይበላሉ። ረግረጉ ተጠንፍፎ ሲታረስ፣ ወይም በመስኖ ቦይ ሲተካ፣ አዳኙና ታዳኙ እኩል ይቀንሳሉ ብሎ መገመት የዋህነት ይመስለኛል።

ስለዚህ የመመረቂያ ርእስ የሚያጸድቁ መምህራን አንድ ተማሪ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባሉ ጥቂት ጅረቶች ዳር ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ቢመላለስ፣ ዛጎል ቢቆጥር፣ የጭቃውን ሙቀት ቢለካ፣ በቀንድ አውጣው ውስጥ የትሉን ዕጭ ቢፈልግ ሊፈቅዱለት ይገባል፤ በአንዳንዱ ወር መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ዜሮ ቢሆንም እንኳ።