የቆርቆሮው አሲድ የት ይደፋል?

መካነ ሰላም ዛሬ ቆርቆሮ ለባሽ ከተማ ናት። እኛም የምንማረው ከቆርቆሮ በታች ነው። ለመሆኑ ይህ ቆርቆሮ አብለጭልጮ ከመምጣቱ በፊት በምን እንዳለፈ ከመካከላችን ስንቱ ጠይቋል?

ብረት በዚንክ ከመለበጡ በፊት ቅርፊቱና ዝገቱ እንዲለቅ አሲድ ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። አሲዱ ብረቱን እየበላ ይደክማል። በአንድ ሊትር ውስጥ ከ100 ግራም በላይ ብረት ሲሟሟበት «አልቆለታል» ይባልና ይደፋል።

ውሸት ነው! አላለቀለትም። ያልሠራ አሲድ ገና አለበት። የሟሟው ብረትም ከእንፋሎት ጋር በብርቱ ሙቀት ቢጠበስ አሲዱን መልሶ ይሰጣል፤ የሚቀረው ቀይ ዱቄት ለቀለም ሥራ ይሸጣል። ታላላቅ የብረት ፋብሪካዎች ካለፈው ምእተ ዓመት ጀምሮ ይህን ያደርጋሉ።

«ምድጃው ውድ ነው» ይሉናል። ለትንሽ ፋብሪካ እውነት ነው። ዚንክ የገባበት አሲድም ለዚያ ምድጃ አይመችም። ነገር ግን ዚንክ ያልነካው ያገለገለ አሲድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ፍሳሽ ለማጥራት ያገለግላል። የሚፈለገው የተበላሸውን ልባጥ ማንሻ ገንዳ ከጥቁሩ ብረት ገንዳ መለየት ነው። ሁለት ገንዳ ለመለየት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም!

«ኖራ ጨምረንበታል» የሚሉም አሉ። ኖራ አሲዱን ያበርዳል እንጂ ብረቱንና ዚንኩን አያጠፋም፤ ከወንዝ አንሥቶ ዝቃጭ አድርጎ ይከምረዋል። ክምሩን ማን ይጠብቀዋል?

ነገሩ ሩቅ አገር አይደለም። በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ ኮምቦልቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የታተሙ ጥናቶች ለዮሌና ወርቃ ወንዞች ውስጥ የሚገባውን የፋብሪካ ፍሳሽ መርምረው ነበር። በብረት ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ዚንኩ፣ በቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየሙ፣ ከተፈቀደው ልክ እጅግ አልፎ ተገኘ። ወንዞቹ ቦርከናን ይቀላቀላሉ፤ ቦርከና ከብት ያጠጣል፣ ማሳ ያለማል።

«የቦርከና ውኃ ወደ አዋሽ፣ የእኛ ወደ ዓባይ፤ ምን አገባን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ተፋሰሱስ ይለያል። ቆርቆሮውን ስንገዛ ግን ተፋሰስ ለየን?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። እንግዲህ ብረት የሚለብጥ ሁሉ በዓመት ስንት ሊትር አሲድ እንደገዛ፣ ስንቱን መልሶ እንደተጠቀመና ስንቱን እንደደፋ በአደባባይ ይለጥፍ። ማኅበራችን ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ያቅርብ። ኬሚስትሪ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶችም የየገንዳውን ብረትና ዚንክ ለመለካት ከአሁኑ ስማችሁን አስመዝግቡ።