እድራችን ዳኛ አለው፤ አደጋችንስ?

ሞያሌን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ከተማዋ አንድ ናት፤ አስተዳደሯ ግን ብዙ ነው። በኢትዮጵያ በኩል የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል አስተዳደሮች በየፊናቸው ጽሕፈት ቤት አላቸው። መስመሩን ተሻግረን ኬንያ ስንገባ ደግሞ ሕዝብ የመረጠው የማርሳቢት ካውንቲ ገዥ አለ፤ ከናይሮቢ የተሾመ የካውንቲ ኮሚሽነርም አለ። በደህናው ቀን ይህ አይከብደንም። የትኛው ወረቀት በየትኛው መስኮት እንደሚገባ ለምደነዋል። ጎርፍ ሲመጣ፣ ድርቅ ሲጠና ወይም ወረርሽኝ ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ መልስ የሚሰጠንም የለም። አዛዡ ማን ነው?

ጥያቄውን ያመጣነው ከወሬ አይደለም፤ ደርሶብን ነው። በአንድ የዝናብ ወቅት መንገድ ተቆርጦ ጭነታችን ቆሞ በነበረበት ሳምንት፣ ከነጋዴው አዋጥተን ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ በአንድ ኢሱዙ ጭነን ጎርፍ ላፈናቀላቸው ሰዎች ላክን። አንዱ ቢሮ «መጀመሪያ እኛ ጋ ይመዝገብ» አለ። ሁለተኛው «ደብዳቤ አምጡ» አለ። ሦስተኛው «የተረጂዎች ዝርዝር እስኪጣራ ቆዩ» አለ። መኪናው ሁለት ሌሊት ቆሞ አደረ። በመጨረሻ ዕቃው የወረደው ብርድ ልብስ ቀድሞ ሁለት ጊዜ በታደለበት ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፈር እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ጠቅልለው ያድሩ ነበር። የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ የከፋም ሰው አልነበረም። ሦስቱም ቢሮዎች የየራሳቸውን ሥራ ሠርተዋል። የጠፋው ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚያይና «ይህ እዚያ ይሂድ» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ነው።

አሁን ይህን ከእድራችን ጋር እናስተያየው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሰው ቢሞት ማን ምን እንደሚያደርግ ለመወሰን ስብሰባ አይጠራም። ጡሩንባ ነፊው ይነፋል። ዕቃ ያዡ ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ድንኳኑንና ወንበሩን ያወጣል። ገንዘብ ያዡ ለለቅሶ ቤቱ የሚገባውን ይቆጥራል። ጸሐፊው የመጣውንና የቀረውን ይመዘግባል። ከሁሉም በላይ ዳኛው አለ፤ ሁለት ሰው ቢጣላ የእሱ ቃል ይጸናል። ይህ ሁሉ የተወሰነው ሰው ከመሞቱ ከዓመታት በፊት ነው። የቦረና ወገኖቻችንም በኤላቸው ላይ እንዲሁ ናቸው። በበጋ ሺህ ከብት በተጠማበት ጉድጓድ አፍ ላይ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። ውሃው ሲያንስ የእሱ ሥልጣን ይጠነክራል እንጂ አይላላም።

ፈረንጆቹ ይህንኑ የተማሩት በብዙ ሰው ሞት ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ለ13 ቀናት በተነሣ የደን ቃጠሎ 16 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 700 የሚጠጉ ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ሲመረመር ችግሩ የእሳት አጥፊ ማነስ ብቻ አልነበረም። የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በተለያየ የሬዲዮ መስመር ይነጋገሩ ነበር፤ ለአንድ ነገር የተለያየ ስም ነበራቸው፤ ማን ለማን እንደሚታዘዝም አይታወቅም ነበር። ከዚያ የወጣው የአደጋ እዝ ሥርዓት ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። አምስት ክፍል አለው፦ አዛዥ፣ ሥራ አስፈጻሚ፣ ዕቅድ፣ አቅርቦትና ፋይናንስ። አንድ ኃላፊ ከሦስት ያላነሱ፣ ከሰባት ያልበለጡ ሰዎችን ይመራል። ማንም ሰው ከአንድ አለቃ በላይ አይኖረውም። በኮሜርስ ትምህርታችን «አንድ ሠራተኛ፣ አንድ አለቃ» ብለን ያነበብነው ማለት ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ዕቃ ያዥ፣ ገንዘብ ያዥ፤ እድሩን የሚያውቅ ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልገውም።

መሥሪያ ቤት አልጎደለንም። ኢትዮጵያ ከወሎው ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አቋቋመች። «ማስተባበር» የሚለው ቃል ያኔውኑ በስሙ ውስጥ ነበረ። ስሙና አደረጃጀቱ ደጋግሞ ተለዋውጦ ዛሬ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አለን። ኬንያም በ1998 እ.ኤ.አ. ከኤልኒኞ ጎርፍ በኋላ የአደጋ ኦፕሬሽን ማዕከል፣ በ2011 የድርቅ አስተዳደር ባለሥልጣን፣ በ2013 የአደጋ አስተዳደር ዩኒት አቋቁማለች። በዚያው በ2013 ደግሞ 47 ካውንቲዎች ሥራ ጀመሩ። አደጋ በመጣ ቁጥር ቢሮ ይጨመራል። ለተጎጂውና ለባለጭነቱ ግን ቢሮ መጨመር ማለት የሚንኳኳ በር መጨመር ነው።

አዛዥ ማጣት የሚያስከፍለው ጊዜና ብርድ ልብስ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተደርምሶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶች ለማውጣት ሮጡ፤ በእጃቸው ጭምር ቆፈሩ። ከዚያ ተራራው እንደገና ተናደና ለመርዳት የመጡትን ቀበረ። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። የሮጡትን ማንም ሊወቅስ አይችልም፤ ወገን ሲቀበር ቆሞ የሚያይ የለም። ነገር ግን «ቁሙ፤ ተራራው ገና አልረጋም፤ በተራ ግቡ» ማለት የአንድ የታወቀ ሰው ሥራ መሆን አለበት። ያ ሰው በየቀበሌው አስቀድሞ የተሰየመ፣ የሠለጠነና ቃሉ የሚሰማ ሊሆን ይገባል። በአደጋው ዕለት ሊፈለግ አይችልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኛ ድንበር ላይ የምንውለውም ይህን በኮሮና ጊዜ ቀምሰነዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ማላባ ላይ የጭነት መኪና ሰልፍ አሥር ኪሎ ሜትሮችን ተሻግሮ ተዘረጋ። ናማንጋ ላይ ኬንያ ያወጣችውን የሹፌሮች የምርመራ ውጤት ታንዛኒያ አላምንም አለች። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች የሹፌሩን ውጤት በስልክ የሚያሳይ የጋራ መከታተያ ለማምጣት የተስማሙት ሹፌሩ በመንገድ ላይ አድሮ፣ ሽንኩርቱ በስብሶ፣ ነጋዴው ከስሮ ነው። መፍትሔው ጠፍቶ አልነበረም፤ ከበሽታው በኋላ መጣ እንጂ።

«አስተባባሪ ኮሚቴ አለን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ድር ሲያብር አንበሳ ያስራል። ድሩን የሚገምደው እጅ ግን አንድ ነው። ኮሚቴ ይመካከራል፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ ለሳምንት ይቀጥራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክላስተር በሚሉት አሠራር ምግቡን፣ ውሃውን፣ መጠለያውን በየዘርፉ ተከፋፍለው ይሰበሰባሉ። ይህም ጥሩ ነው፤ ማን የት እንዳለ ያሳውቃል። መንገድ ዝጋ፣ ድልድይ ክፈት፣ ይህን መኪና አሳልፍ ብሎ ማዘዝ ግን የመንግሥት ሥራ ነው። መመካከር ሌላ፣ ማዘዝ ሌላ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉም አሉ። ብዙ ተቋም መኖሩ መጠባበቂያ ነው ይላሉ። እንስማማለን፤ ባላው ሁለት ይሁን፣ ሦስትም ይሁን። ዛሬ ያለው ግን እያንዳንዱ ባላ የየራሱን ጎጆ የሚደግፍበት ነው፤ ዝናቡ የሚወርደው በመካከል ባለው ሰው ላይ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ሥጋት ነው፤ «አንድ ሰው ሥልጣን ሁሉ ሲይዝ እርዳታውን ለወገኑ ያደርገዋል» የሚለው። በሞያሌ ይህን ሥጋት የሚንቅ ሞያሌን አያውቅም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰዎች ተገድለው ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ኬንያ ሲሸሹ እዚሁ ነበርን። ስለዚህ የምንለው ንጉሥ ስጡን አይደለም። የእድር ዳኛ የሚፈራው ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ስለሚነበብ ነው። የአደጋ አዛዥም እንዲሁ ይሁን፦ ሥልጣኑ በአደጋው ይጀምር፣ በአደጋው ማብቂያ ይብቃ፤ የገባውና የወጣው ዕቃ በሕዝብ ፊት ይነበብ። አስተዳደሩ ብዙ በሆነበት ቦታ ደግሞ ጥምር እዝ ይሁን፤ አለቆቹ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዕቅድ ያውጡ፣ በአንድ አፍ ይዘዙ። ዛሬ አዛዥ በሌለበት ለወገን ማድላት የለም ወይ? አለ፤ ግን ተጠያቂ የሚሆን ሰው የለም።

«በሁለት አገር መካከል ይህ አይሆንም» ለሚለን ደግሞ የሞያሌን ኬላ እናሳየዋለን። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች የመረቁት የአንድ መስኮት ኬላ የሁለቱ አገር ጉምሩክና ኢሚግሬሽን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሠሩ የተሠራ ነው። ቀረጥ ለመሰብሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ከተቻለ ነፍስ ለማዳንም ይቻላል።

የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ የድንበር ከተማ ከዝናቡ በፊት የተሰየመ አዛዥና ምክትል ይኑር፤ በሁለቱም በኩል። የተረጂዎች ዝርዝር አንድ ይሁን፤ ሁሉም ድርጅት ከእሱ ያድል። የእርዳታ ጭነት በአንድ ወረቀት ይለፍ፤ በየኬላው አዲስ ደብዳቤ አይጠየቅ። አራተኛ፣ በእዙ ጠረጴዛ ላይ ለነጋዴው አንድ ወንበር ይሰጥ። የት መጋዘን ባዶ እንዳለ፣ የትኛው ሹፌር የትኛውን መንገድ በጭቃ እንደሚያልፍ፣ የማን ተሳቢ ዛሬ ባዶውን እንደሚመለስ የምናውቀው እኛ ነን።

ወንበር ስንጠይቅ ግን ራሳችንንም እንጠይቅ። መንገድ ተቆረጠ በተባለ ማግስት የዱቄትና የስኳር ዋጋ የሚጨምረው ማን ነው? እኛው ነን። ያልተረጋገጠ ወሬ በቴሌግራም የሚበትነውስ? በዚያ ኢሱዙ ጉዳይም ጥፋት አለብን፤ ማን ምን እንደሚያስፈልገው ሳንጠይቅ በስሜት ጭነን ነው የላክነው። ስለዚህ ቃል እንግባ። አደጋ ሲታወጅ በዋዜማው ዋጋ እንሸጣለን። የየማኅበራችንን መኪናና መጋዘን ዝርዝር አሁን ጽፈን እንሰጣለን። እርዳታችንን በየግላችን ሳይሆን በአንድ መጋዘን እናስረክባለን፤ ደረሰኝም እንቀበላለን።

ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በዚህ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ የቦረና ከብት በመንገድ ዳር ወድቆ አይተናል። ዓመት ሳይሞላ በ2023 መጨረሻ ላይ ያ የናፈቅነው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ቀጣዩም ይመጣል፤ ድርቅ ይሁን ጎርፍ አናውቅም። ኬላው ላይ ደንብና ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከጎኑ አንድ ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ይለጠፍልን። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስንደውል የሚያነሣና «እዚህ አራግፉ» የሚለን ሰው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይነገረን።