የአያቴን ስም ማን ቁረጥ አላችሁ?

ዛሬ ለሶፍትዌር ሠሪ ወገኖቼ ነው የምናገረው። ቅር የሚለው ይበለው።

በቀደም ነቀምቴ አንድ መሥሪያ ቤት በሰጠኝ ወረቀት ላይ የአያቴ ስም ሁለት ፊደል ብቻ ሆኖ ወጣ። ብጠይቅ «ሲስተሙ ነው የቆረጠው» ተባልኩ። ሲስተም ብቻውን አይቆርጥም! አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ስም ከ20 አይበልጥም» ብሎ ስለጻፈ ነው።

እኛ አገር ሰውን ከሞክሼው የሚለየው አያት ነው። ጉቶ ጊዳ ላይ ቆማችሁ «ጫልቱ ገመቹ!» ብትሉ ስንቷ ናት «አቤት» የምትለው? እንግዲህ በቁቤ ቁጠሩት። አናባቢው ሲረዝም፣ ተነባቢው ሲጠብቅ ሁለቴ ስለሚጻፍ ጫልቱ 7 ፊደል፣ ገመቹ 9 ፊደል ነው። ከሁለቱ ክፍተት ጋር 18 ሞላ። ለአያት የቀረው 2! አያቷ ፊጣ የሆነችውም ፊዳ የሆነችውም በስክሪናችሁ አንድ ሰው ሆኑ። ኮዳችሁ የሚለየውን ጥሎ የሚያመሳስለውን አስቀረ ማለት ነው። ነገ የአንዷ ብር ወይም የመሬት ካርታ ለሌላዋ ቢሰጥ ማን ሊጠየቅ ነው?

«በግዕዝ ፊደል ይጻፍ፣ ያጥራል» የሚል አይጠፋም። 20ው የምኑ ነው? የፊደል ነው ወይስ የባይት? በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። ኦራክል ላይ ዝም ብላችሁ 20 ካላችሁ የሚቆጥረው በባይት ነው፤ የሚገባው 6 ፊደል ብቻ። ኃይለማርያም እንኳ 7 ነው! «ነቀምቴ»ን 10 ባይት ላይ ቁረጡትማ፦ «ነቀም» ይልና ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ነገር ይመጣል። ፊደሉ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ማለት ነው። ፊደል ቆጥራችሁም አልዳናችሁም፤ «ጪ» እና «ነ» በስክሪን ላይ እኩል ቦታ አይዙም። ባይት፣ ፊደልና ስፋት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቦታ ይጠባል፣ አውቃለሁ። 58 ሚሊ ሜትር የደረሰኝ ወረቀት በአንድ መስመር የሚይዘው 32 የላቲን ፊደል ነው። ታዲያ ሁለተኛ መስመር ማን ከለከለ? ፓስፖርት ላይ ማሽን የሚያነበው መስመር ለስም ያለው ቦታ 39 ነው፤ ግን ስሙ ሲበዛ እንዴት እንደሚያጥር ዓለም አቀፍ ደንብ አለው። የእናንተ ደንብ ምንድነው? «እስከሞላ ድረስ፣ ከዚያ መቀስ»?

ማሳጠርን እኮ አባቶቻችን ያውቁበታል። ገ/እግዚአብሔር፣ ኃ/ማርያም፣ ወ/ሚካኤል። ሁሉም የሚያውቀውን ያሳጥራሉ፣ የሚለየውን ይተዋሉ፣ እዚህ ጋ አጥሯል ብለው እዝባር ያደርጋሉ። ማሽናችሁ ግን «ገብረእግ» ብሎ ዝም! የማን ገብር እንደሆነ እንኳ አይናገርም።

ስለዚህ ሦስት ነገር። ዳታቤዝ ውስጥ ስም አትቁረጡ፣ ሙሉው ይቀመጥ። ማሳያው ላይ የግድ ካጠረ በፊደል ድንበር ይጠር፣ ምልክትም ይኑረው፣ ሲነኩት ሙሉው ይታይ። ሰው ይዞት በሚሄድ ወረቀት ላይ ደግሞ በጭራሽ! ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊትም በ«አበበ ከበደ» ብቻ አትሞክሩት። በ«ገብረእግዚአብሔር» ሞክሩት፣ በቁቤ ረጅም ስም ሞክሩት።

ኮድ የሚጽፍ ጓደኛ ያላችሁ ታግ አድርጉልኝ።