መስታወቱ ወፍራም፣ ዓሣው የጣና ይሁን

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ አኳሪየም ነው የማወራችሁ። «ቲቸር ደግሞ ምን ነካው፣ ጥሊሊ ቁጭ ብሎ ስለ ድንች አያወራም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሡኝ፣ ድንቹም ይመጣል።

አሁን አሁን ሆቴል የሚሠራ ሰው እንግዳ መቀበያው ላይ ትልቅ የዓሣ መስታወት ማቆም ያምረዋል። ይመረው፣ ጥሩ ነው። ግን መስታወቱ ላይ ገንዘብ ልቆጥብ የሚል ሰው ባይጀምረው ይሻላል። በደንብ ሠርቶ ደግሞ ከውጭ የመጣ ወርቃማ ዓሣ ብቻ የሚሞላበት ከሆነ፣ በእኔ እምነት ትልቅ ዕድል አባክኗል።

ነገሩን ያስነሳኝ እንጅባራ አልሙኒየምና መስታወት የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ደንበኛው 2 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ስፋት፣ 70 ሳንቲ ቁመት ያለው አኳሪየም አዝዞታል። ደወለና «ቲቸር፣ ባለ 6 ሚሊ አይበቃም?» አለኝ።

አይበቃም። ምክንያቱን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል! የውሃ ግፊት የሚወሰነው በጥልቀቱ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 35 ሳንቲ ነው፣ የፊት ለፊቱ መስታወት ስፋት ደግሞ 1.4 ካሬ ሜትር። አባዙት፦ 490 ኪሎ። ይህን ያህል ክብደት ቀንና ሌሊት ያንን አንድ መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋል። «ትንሽ ከፍ ይበልልኝ» ብሎ ቁመቱን 1 ሜትር ካደረገው 1000 ኪሎ ይሆናል። 30 ሳንቲ ብቻ ጨምሮ ግፊቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የመስታወት ጥንካሬ ደግሞ በውፍረቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ባለ 15 ሚሊ ከባለ 6 ሚሊ ከ6 ጊዜ በላይ ይሸከማል። ለዚህ ሥራ እኔ የምለው 15 ሚሊ ነው፣ ከላይም ጠርዝ ለጠርዝ ማጠናከሪያ ቁራጭ መስታወት ይጨመርበት። «ባለ 6 ሚሊው ሞልቼ ሞክሬው ያዘ እኮ» የሚል አይጠፋም። ዛሬ መያዙ ዋስትና አይሆንም። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቃል። መስታወት ግን ሸክም ሳይወርድለት ሲቆይ ይደክማል፤ ወራት ቆይቶ አንድ ሌሊት ድንገት ይሄዳል።

ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በርሊን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የነበረው ግዙፍ አኳሪየም ፈንድቶ 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ወደ 1500 የሚጠጉ ዓሦች ነበሩበት። ያ የተሠራው ከመስታወት ሳይሆን ከአክሪሊክ ነው፤ ባለሙያም መሐንዲስም የነበረበት ሥራ ነው። የሆነው ንጋት ላይ ስለነበር የተጎዳው ሰው ጥቂት ሆነ። እኛ ጋ ቢሆን ከፊቱ የሚቆመው ማን እንደሆነ አስቡት፤ ሕፃን ነው፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ።

ወደ ክብደቱ ልምጣ። ውሃው 840 ሊትር፣ መስታወቱ ወደ 180 ኪሎ፣ ጠጠሩና መቆሚያው ሲጨመር ከ11 ኩንታል ያልፋል። (ድንቹ መጣላችሁ! 11 ኩንታል ድንች ሳሎን ጥግ መቆለል በሉት።) ፎቅ ላይ ከሆነ መሐንዲስ ሳይጠየቅ አይሞከርም። መቆሚያው ከወፍራም ቱቦላሬ ይበየድ፣ በውሃ ልክ ይስተካከል፣ ከመስታወቱ ሥር ፎም ይነጠፍ። አንዲት የብየዳ እብጠት ወይም ጠጠር ከሥር ብትቀር መስታወቱን ከዚያ ነጥብ ትሰነጥቀዋለች።

ሲሊኮኑም ያው ሲሊኮን አይደለም። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ያለበት ዓሣ ይገድላል። የአኳሪየም የሆነውን ፈልጉ፤ ሲቀባ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ማጣበቁን ጀምራችሁ ለነገ አታሳድሩት፣ በደረቀው ላይ አዲሱ በደንብ አይዝም። ከዚያ አንድ ሳምንት ይድረቅ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሞልታችሁ ለቀናት ተዉት፤ ማፍሰሱ ካልቀረ እዚያ ያፍስስ።

አንድ ከውጭ መመሪያ የማታገኙት ነገር አለ። እኛ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃችን የሚይዘው ኦክሲጅን እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ዳርቻ ውሃ በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ መጽሐፉ «20 ዓሣ» ካለ እናንተ 15 አድርጉት። መብራት በሄደ ቁጥር ማጣሪያው ስለሚቆም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የግድ ነው። ደግሞ ለምረቃው ዕለት ብሎ ውሃ በሞላ ማግስት ዓሣ መጨመር መግደል ነው። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል፤ በእኛ ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ባለሀብቱ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ይህን ሁሉ ወጪና ልፋት አውጥቶ ወርቃማ ዓሣ ለምን? ከዚህ ሁለት ሦስት ሰዓት ብትነዱ ጣና አለ። ጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ ከአንድ ዘር ተነሥተው እዚያው ሐይቁ ውስጥ የተለያዩ ከ15 ያላነሱ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ዓሣ ለይቷቸዋል። አንዱ ጭቃ ይምጋል፣ አንዱ ድንጋይ ይፍቃል፣ 8ቱ ዓሣ አሳዳጅ ናቸው፤ ያውም መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር! የሚያኝኩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ክፍል ውስጥ የጋላፓጎስ ወፎችን ምንቃር እየሳልን ስናስተምር የኖርነው ይህን ጎናችን አስቀምጠን ነው። እኛ ዓሣን የምናውቀው በሳህን ነው። በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ካልተነሣ ስሙንም አንጠራም።

ዓሦቹ ደግሞ እየቀነሱ ነው። በክረምት ማብቂያ እንደ ግልገል ዓባይና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ለመራባት ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥራቸው በጣም እንዳሽቆለቆለ አሳይተዋል። ልጆቻችን በሕይወት እያለ አንዱን እንኳ ሳያዩት ሊጠፋ ይችላል።

«ቀለም የለውም፣ ማን ያየዋል?» ይለኛል ደንበኛው። እውነት ነው፣ ብርማና ወይራማ ነው። ግን አርባ ሳንቲ የሚያህል ዓሣ ሁለት ሜትር መስታወት ውስጥ ሲዞር ቆሞ የማያየው ሰው የለም። ትልቅ አኳሪየም የሚያስፈልገውም ለእንዲህ ያለው ነው፤ ለወርቃማዎቹማ ግማሹ ይበቃቸው ነበር።

የምትሞክሩ ካላችሁ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አታስይዙ፣ የመራቢያ ጊዜያቸው ነው። ትንንሾቹን ከአስጋሪዎች፣ በዘርፉ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ውሰዱ፤ ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከልም አማክሩ። አሳዳጆቹን ከትንንሾቹ ጋር አትቀላቅሉ። ሲሰለቻችሁ ደግሞ የሀገር ውስጡም ሆነ የውጭው ዓሣ ዘንገና ወይም ወንዝ ውስጥ አይጣል። እምቦጭም በዓለም የተሠራጨው አበባው አማረ ተብሎ ነው።

ትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራን፣ 2 ሜትሩ አያስፈራችሁ። 1 ሜትር በ40 ሳንቲ፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ከሆነ 200 ሊትር ነው፤ ባለ 10 ሚሊ መስታወት ይበቃዋል። አምስት ስድስት ጫጩት ዓሣ ይይዛል፤ ሲያድጉ ግን ሰፋ ወዳለ ገንዳ ማዛወር ይጠይቃል። ልኩንና የመስታወት አቆራረጡን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።