የነጋዴ ማስታወቂያ በየትኛው ወረቀት ላይ ይታተም?

በበዓል ሰሞን ጋዜጦቻችንን የገለጠ ሰው በየገጹ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ማስታወቂያ ተደርድሮ ያገኛል። መልካም ምኞት የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የሚበዛው የድርጅቱን ስምና የአደይ አበባ ሥዕል ከማሳየት በቀር፣ ነጋዴው ምን እንደሚሸጥና ሱቁ በየት በኩል እንደሚገኝ አይናገርም። ገዢው አንዳች ነገር ሳያውቅበት ጋዜጣው በማግሥቱ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ካፒታሉ አነስተኛ የሆነ ነጋዴ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ደንበኛው በእጁ ይዞት የሚሄደውን ወረቀት ነው። በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ስለ ከለከለ፣ ለብዙ ባለሱቅ የወረቀት ከረጢት መግዛት የማይቀር ወጪ ሆኗል። ወጪው ካልቀረ ዘንድ ከረጢቱ ሳይጻፍበት ከሱቅ የሚወጣው ስለ ምንድን ነው? ከመርካቶ ተነሥቶ በአውቶቡስ እስከ ቃሊቲ የሚጓዝ ከረጢት በመንገዱ ሁሉ ይነበባል። ለዚህም አራት ቀለም አያስፈልግም፤ በካኪ ወረቀት ላይ በአንድ ጥቁር ቀለም፣ ጎላ ባለ ፊደል ስሙ፣ የዕቃው ዓይነትና የስልክ ቁጥሩ ቢታተም ይበቃል። በከተማችን ሱቅ የሚፈለገው በቤት ቁጥር ሳይሆን «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከባንኩ ፊት ለፊት» እየተባለ ስለ ሆነ፣ አንዲት ትንሽ የመንገድ ንድፍ ከረጅም አድራሻ ይልቅ ትጠቅማለች።

የግድግዳ ቀን መቁጠሪያም ዐሥራ ሦስቱን ወር ሙሉ ከደንበኛው ዓይን ሳይለይ ይከርማል። ሆኖም ሰው የሚሰቅለው ሲጠቅመው ብቻ ነው፤ ይኸውም የኢትዮጵያና የአውሮፓ ቀን ጎን ለጎን ሲሰፍር፣ በዓላቱና አጽዋማቱም ሳይሳሳቱ ሲገኙ ነው። የባለቤቱ ፎቶግራፍ ገጹን ወርሶት ቀኖቹ በአጉሊ መነጽር የሚፈለጉበትን ቀን መቁጠሪያ ማን ይሰቅለዋል? ትእዛዙም ሳይዘገይ መሰጠት አለበት፤ ነሐሴ ከገባ በኋላ ለመስከረም 1 ቀን የሚያደርስ ማተሚያ ቤት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ቡና ላኪዎችም ከናሙናው ጋራ የሚላከውን ካርድ አይናቁት። የበቀለበት ወረዳ፣ የመሬቱ ከፍታ፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ በአጭሩ ቢታተምበት፣ ገዢው ከሌላው ናሙና ለይቶ ያስታውሰዋል። አስመጪዎች ደግሞ የአጠቃቀሙን መመሪያ በአማርኛ አሳትመው በዕቃው ላይ ቢለጥፉ ያ ራሱ ማስታወቂያ ነው። የሚጻፈው ሁሉ ግን እውነት ይሁን፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላልና። ዓመቱን ሙሉ የማያልቀው «የሦስት ቀን ቅናሽ» ከዚህ ወገን መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያሻም።

የወጪው ነገር በእርግጥ ያሳስባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ወረቀትና ቀለም በብር ሲገዛ የሚጠይቀው ገንዘብ በዝቷል። ነገር ግን ማተሚያ ቤት ለዝግጅትና ለፕሌት የሚያስከፍለው 500 ቢታተም ወይም 5,000 ቢታተም ያው ስለ ሆነ፣ ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ከረጢት ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ዳቦ ቤት፣ ጫማ ቤትና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ተነጋግረው የሦስቱም ስም በአንድነት የሰፈረበትን ከረጢት በጋራ ሊያሳትሙ ይችላሉ። ዳቦ የገዛው ሰው ጫማ ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ ከዚያው ላይ ያነባል።