ሽማግሌ ተዋናይ ከመመረቅ ሌላ ሥራ የለውም?

«ሁለገብ አርቲስት» የሚለው ማዕረግ ከተማችን ውስጥ በጣም ረክሷል። አንድ ነጠላ ዜማ የለቀቀ፣ ሁለት ፊልም ላይ የታየ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ የሳቀ ወጣት ሁሉ ሁለገብ ነው። ፖስተር ላይ ይጻፍለታል፤ ቴሌቪዥን ላይ እንግዳ ሆኖ ሲቀርብም አቅራቢዋ «ሁለገቡ» ብላ ትጠራዋለች፤ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቀበላል። በሥራ ብዛት ከሆነማ የሰፈራችን ባለሱቅም ሁለገብ ነው። ዳቦ ይሸጣል፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል፣ የጎረቤት ቁልፍ ያስቀምጣል፣ ሲያስፈልግም ባልና ሚስት ያስታርቃል።

ለተዋናይ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። መድረክ፣ ካሜራና ማይክሮፎን ጠባያቸው የማይገናኝ ሦስት ጌቶች ናቸው። መድረክ ላይ የቆመ ተዋናይ በርካሹ ቲኬት ገብቶ መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ድምፁም የእጁ እንቅስቃሴም ያድጋል። ያንኑ ይዞ ካሜራ ፊት ከቀረበ ግን ጉድ ፈላ። ካሜራው አፍንጫው ሥር ስለሆነ ቅንድቡን ማንሳቱ እንኳ እንደ ጩኸት ይታያል። ሬዲዮ ደግሞ ፊቱንም እጁንም ይቀማውና «በል እንግዲህ በጉሮሮህ ሥራ» ይለዋል። ሁለገብ የምለው ለሦስቱም በየጠባያቸው መታዘዝ የሚችለውን ነው።

አራተኛ ጌታም አለ፤ ዕድሜ ይባላል። የዛሬው ጨዋታዬ ከእሱ ጋር ነው።

የማይክሮፎኑን ነገር ለማስረዳት አንድ ስም ይበቃል፤ ወጋየሁ ንጋቱ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ፊታውራሪ መሸሻም፣ ጉዱ ካሣም፣ ሰብለ ወንጌልም፣ በዛብህም ከአንድ ጉሮሮ ነው የወጡት። መጽሐፉን ራሳችን ገልጠን ስናነብ እንኳ ብዙዎቻችን ጆሮ ውስጥ የሚያነበው እሱ ነው። እኛ ሳንወለድ የተቀዳ ድምፅ ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ወጋየሁ ግን ገና በጎልማሳነቱ አረፈ። ጸጉሩ ነጭ ሆኖ መድረክ ላይ ሲወጣ የማየት ዕድል አላገኘንም። ከዚያ ትውልድ ዕድሜ ያልነፈገው ሰው ደበበ እሸቱ ነው፤ እናም ስለ እሱ ላውጋችሁ።

ጋሽ ደበበን ከእኔ ዕኩዮች ብዙው በስም እንጂ በሥራ አያውቀውም። ስሙንም የሰማው በፖለቲካ ሊሆን ይችላል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰረ፣ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጣ፣ በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ እንደገና ታስሮ ተለቀቀ። ያ ታሪክ የራሱ ቦታና የራሱ ጸሐፊ ያስፈልገዋል። እኔ የማነሳው ተዋናዩን ነው።

በወጣትነቱ እንደ ወጋየሁ ሃንጋሪ ሄዶ ቴአትር የተማረ፣ ተመልሶም የአዲስ አበባ መድረክ ልጅ የሆነ ሰው ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1973 የሆሊውዱ ኤም ጂ ኤም «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው፣ ሪቻርድ ራውንድትሪ በመሪነት የተወነበት፣ የሻፍት ተከታታይ ሦስተኛው ፊልም ነው። ከፊሉም እዚሁ አገራችን ተቀርጿል። ታሪኩ አፍሪካውያን ወጣቶችን በሥራ ስም እያታለሉ ወደ አውሮፓ የሚያሻግሩ ደላሎችን ስለሚያሳድድ የግል መርማሪ ነው። (ሃምሳ ዓመት አልፎት ዛሬም ትኩስ መሆኑ የደራሲው ችሎታ ሳይሆን የእኛ ዕዳ ነው።) ደበበ በዚህ ፊልም ውስጥ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ተጫውቷል። የድብድብና የሩጫ ፊልም ነው፤ ተዋናይ ከምላሱ ይልቅ በአካሉ የሚሠራበት። የመድረክ ንግግር ያሳደገው ልጅ እዚያም አላፈረም።

አሁን 41 ዓመት ዝለሉ። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ፣ በእኛ በ2006 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ «ቀይ ቅጠሎች» የሚባል የእስራኤል ፊልም ወጣ። ዳይሬክተሩ ባዚ ጌቴ ኢትዮጵያ ተወልዶ እስራኤል የኖረ ሰው ነው፤ ረጅም ፊልም ሲሠራም የመጀመሪያው ነበር። መሪ ሚናውን ለደበበ እሸቱ ሰጠው።

ሚናው የ74 ዓመት አዛውንት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገባ 28 ዓመት ሆኖታል፤ ዕብራይስጥ ግን እምብዛም አይናገርም። አማርኛም ቢሆን ሲቸግር ብቻ ነው ከአፉ የሚወጣው። ሚስቱ ትሞትበታለች። ቤቱን ይሸጥና በየልጆቹ ቤት ለመኖር ይነሳል። ልጆቹ በዕብራይስጥ ይኖራሉ፣ እሱ ባመጣው ወግ ይኖራል፣ እና በየደረሰበት ቤት የእሱ ዓይነት ሰው እያለቀ መሆኑን ይረዳል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ሽማግሌ ያውቀዋል። ሶፋ ጫፍ ላይ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጦ የማይገባውን ቴሌቪዥን የሚያይ አባት ማለት ነው።

ታሪኩ የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» መሠረት ያደረገ ነው። ንጉሥ ሊር መንግሥቱን ለሴት ልጆቹ አካፍሎ በየቤታቸው ሊጦር ይነሳና በር ይዘጋበታል፤ ከዚያም ዶፍ ዝናብ ውስጥ ቆሞ በሰማዩ ላይ ይጮኻል። መድረክ ላይ ለአንድ ተዋናይ ከዚህ የሚበልጥ የጩኸት ሰዓት የለም። «ቀይ ቅጠሎች» ውስጥ ግን ሊር ዝም ይላል። ቁጣው በአቀማመጡና በአስተያየቱ ነው የሚወጣው።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። ይህን ዝምታ ሠላሳ ዓመት የሞላው ተዋናይ ሊሠራው አይችልም። ሜካፕ ነጭ ጢም ይለጥፍለታል፣ ብትርም ያስይዘዋል፤ ዝምታው ግን ባዶ ይሆንበታል። የደበበ ዝምታ ባዶ ያልሆነው መናገር የሚችል ሰው ዝምታ ስለሆነ ነው። ዕድሜ ልኩን አዳራሽ የሞላ ድምፅ ያለው ሰው ያንን ድምፅ ወደ ውስጥ ሲመልሰው እናያለን። ለዚህም ነው ሁለገብነት በጉርምስና የሚሰጥ ማዕረግ አይደለም የምለው። የሚፈተነው በመጨረሻው የሥራ ዘመን ነው።

እስቲ አሁን ወደ አገር ውስጥ ሲኒማ እንግባ። በእኛ ፊልሞች ውስጥ ሽማግሌ የሚያገኛቸውን ሚናዎች ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይተርፋል።

አንደኛው ሀብታሙ አባት ነው። ቪላ ቤት፣ ሱፍ ልብስና የሚያስፈራ ሳል አለው። ሥራው «ያንን ድሃ ልጅ ደጄ ላይ እንዳላየው!» ማለት ነው። ሁለተኛው ዘበኛው ነው፤ አነጋገሩ እንዲያስቅ ተደርጎ ተጽፏል፣ ጡረታው እስኪወጣ በር ይከፍታል። ሦስተኛው ታማሚው ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ «ልጄ… እውነተኛ አባትሽ…» ብሎ ሳይጨርስ ይሞታል። አራተኛው ጋቢ ለብሶ የሚመርቀው ነው። «ተነሱ ልጆቼ፣ ውለዱ ክበዱ» ይልና ፊልሙ ያልቃል።

እነዚህን ሚናዎች ይዘው የሚመጡት እነማን እንደሆኑ ግን ልብ ብላችኋል? ብዙ ጊዜ በመድረክ ላይ ንጉሥም ለማኝም ሆነው ያደሩ ሰዎች ናቸው። በአርባ ዓመት ልምድ ሁለት ትዕይንት ተሰጥቷቸው ይሄዳሉ። በሁለቱ ትዕይንት ውስጥ ደግሞ ፊልሙን ተሸክሞ የሚሄደውን ወጣት መሪ ተዋናይ ሳያስቡት ድራሹን ያጠፉታል። አዳራሹ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን እናውቃለን። ሽማግሌው ሲገባ ፊልሙ በድንገት እውነት ይመስላል፣ ሲወጣ ደግሞ ወደ ካፌው ወሬ እንመለሳለን።

ፕሮዲውሰሮች መልስ አላቸው። «ቲኬት የሚቆርጠው ወጣት ነው፣ ወጣት ደግሞ ወጣት ማየት ይፈልጋል» ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ወጣት ፍቅረኞች አሉበት፣ ፍቅራቸውም አገር ያስለቀሰ ነው። እኛ ግን በየወሬያችን የምንጠራው ማንን ነው? ጉዱ ካሣን ነው። በዛብህን እናዝንለታለን፣ ከጉዱ ካሣ ጋር ግን ቡና መጠጣት እንፈልጋለን። ደግሞስ የእኛ ኑሮ ከሽማግሌ ጋር የተቆራኘ አይደለም እንዴ? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥተው መውረድ ያቃታቸው አያቶች አሉን። ልጆቻቸው አሜሪካ ገብተው በስልክ ብቻ የሚጦሯቸው አባቶች አሉን። ስማችንን መርሳት የጀመሩ ወላጆች አሉን። ይህ ሁሉ የወጣቱም ታሪክ ነው።

ውጭ አገርም ቢሆን ይህ በጎ አድራጎት አይደለም። አንቶኒ ሆፕኪንስ «ዘ ፋዘር» ላይ አእምሮው እየከዳው የሚሄድ ሽማግሌ ሆኖ በመጫወቱ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ በምርጥ ተዋናይነት ኦስካር ሲሸለም 83 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ የተነሳው ፍሎሪያን ዜለር ከጻፈው የመድረክ ቴአትር ነው፤ ሆፕኪንስም የመድረክ ልጅ ነው። ማንም «ለሽማግሌው አዝነን ሰጠነው» አላለም።

አንድ የማልክደው ክስ አለ። የመድረክ ሰዎች ካሜራ ፊት ይጮኻሉ ይባላል። አንዳንዱ ይጮኻል፣ እውነት ነው። ግን «ጋሼ፣ ካሜራው እዚሁ ነው፣ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ» ብሎ በአክብሮት ድምፁን የሚያወርድለት ዳይሬክተር ሥራው ምንድን ነው? ባዚ ጌቴ በመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ከቻለ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ፊልማቸውን የሠሩ የእኛ ዳይሬክተሮችም አያቅታቸውም።

ነገሩ የጥበብ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ነው። ፍቃዱ ተክለማርያም በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር አለቀሰ። መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ ሲወጣ ወንበር ላይ የሚያስተካክል ድምፅ ነበረው። ከማረፉ በፊት ለኩላሊት ሕክምናው ገንዘብ ሲሰበሰብለት ነበር፤ ሕዝቡም እጁን አልሰበሰበም። ለታመመ ተዋናይ ማዋጣት ፍቅር ነው፣ የሚነቀፍበት ነገር የለም። ጤነኛ ሳለ የሚገባውን ሚና ሰጥቶ የሚገባውን መክፈል ግን ከዚያ ይቀድማል። ፊልም ላይ ተዋናይ በሥራ ነው የሚከፈለው። ሥራ ካልተጻፈለት ገቢም የለውም። ሁለት ትዕይንት ማለት የሁለት ቀን ክፍያ ማለት ነው። ስለዚህ ለሽማግሌ ሚና አለመጻፋችን ችሎታውን ማባከን ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒት ገንዘቡንም በመዋጮ ላይ መጣል ነው።

ምን ይደረግ? ኮሚቴ አይቋቋም፣ ዓውደ ጥናትም አይጠራ። የፊልም ደራሲ የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ ከሚቀጥሉት ድርሰቶቻችሁ በአንዱ ብቻ መሪውን ሰው ከስድሳ ዓመት በላይ አድርጉት። ፕሮዲውሰር የሆናችሁ፣ የመድረክ ሰዎቻችን ጤና ሳሉ ደውሉላቸው። የቴአትር ቤት ኃላፊዎች፣ አንድ ቴአትር ከመድረክ ከመውረዱ በፊት በሁለት ካሜራ ቅረጹት፤ የወጋየሁ ድምፅ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው አንድ ሰው የመቅጃ ቁልፍ ስለተጫነ ነው። እኛ ተመልካቾች ደግሞ እንዲህ ያለ ፊልም ሲመጣ ቲኬቱን እንቁረጥ፤ ካልቆረጥን ፕሮዲውሰሮቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እስቲ አንድ ጎበዝ ደራሲ ይምጣና ያ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሙሽሮቹን ከመመረቁ በፊት ቤቱ ቁጭ ብሎ ምን ሲያስብ እንዳደረ ይንገረን።

ቸር እንሰንብት!