አሮጌውን ኮምፒውተር አትጣሉ፣ አሮጌውን ዲስክ ግን አትመኑ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልሰው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። "የእኛ ማሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፣ እንጣለው ወይ?" ነው ጥያቄው። ኧረ በፍጹም! ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ ሠርታችሁ ገና ብዙ ታገለግሉበታላችሁ።

ግን ራሳችሁ ሥሩት። ከቴሌግራም ላይ ማን እንደሠራው የማይታወቅ "በአማርኛ የተዘጋጀ ሊኑክስ" አውርዶ መጫን ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ከመጫን በምን ይሻላል? ውስጡ ምን እንደተቀበረ አታውቁም። ደቢያን ላይቭ ቢልድ የሚባል መሣሪያ አለው። የምትፈልጉትን ፕሮግራም ስም ዘርዝራችሁ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ከደቢያን ማከማቻ ፊርማውን እያረጋገጠ አውርዶ አንድ ፋይል አድርጎ ያስረክባችኋል። የእኔ ዝርዝር አጭር ነው፦ ቀላል ዴስክቶፕ፣ ፋየርፎክስ፣ ሊብሬ ኦፊስ፣ አቢሲኒካ ፊደል፣ የአማርኛ መጻፊያ። በቃ። ጌም ምናምን የለም። ያልጨመራችሁት ነገር ራም አይበላም፣ ለሌባም በር አይሆንም።

አሠራሩን ደግሞ እዩት። ሲስተሙ ፍላሹ ላይ ታሽጎ ለንባብ ብቻ ይቀመጣል፤ ስትሠሩ የሚለወጠው ሁሉ ራም ላይ ነው። ስታጠፉት ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ሲሰካበት ለሚውል የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያ ሁላችንንም ያማረረን ሾርትከት ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ አይነሳም (የደንበኛውን ፍላሽ ግን አያጸዳለትም፣ እንዳትሸወዱ)። ፓስፖርቱን ስካን አስደርጎ ኢሜይሉን ከፍቶ የሄደ ሰው ምስጢርም ተጠርጎ ይሄዳል፣ ሪስታርት ካደረጋችሁ ብቻ! ደንበኛ በተቀየረ ቁጥር ሪስታርት አድርጉ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ።

ስለ ማሽኑ ዕድሜ ብዙ አትጨነቁ። "አሮጌ ስለሆነ 32 ቢት ነው" የምትሉኝ አብዛኞቻችሁ ኮር 2 ዱዎ ነው ያላችሁ፤ እሱ 64 ቢት ነው። እውነተኛ 32 ቢት ከሆነ ደቢያን 13 አይነሳበትም፣ አንቲኤክስ 23 ግን ለእሱ የሚሆን ቅጂ አለው። የሚያስቸግረው ራሙ ነው፤ በ2 ጊጋ ብዙ ገጽ ከከፈታችሁ ይንቀራፈፋል።

አሁን ከብዙዎቻችሁ ጋር ወደማልስማማበት ልምጣ። "ላይቭ ስለሆነ ምንም አይነካውም" ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ብሮውዘሩ እኮ ዲስኩን በሠራችሁበት ቀን ላይ ቆሟል! ከዚያ በኋላ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ እዚያው አለ፤ ኮምፒውተሩን ባስነሳችሁት ቁጥር ቀዳዳውም አብሮ ይነሳል። ፋየርፎክስ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ይታደሳል። አምና የሠራችሁትን ፍላሽ ይዛችሁ ባንክ አካውንት ስትከፍቱ ታዲያ ምኑ ነው ደህንነቱ? ዝርዝሩ አንዴ ከተጻፈ ማደሱ ከባድ አይደለም፣ ማታ አዝዛችሁት ትተኛላችሁ፣ ኢንተርኔቱ ካልተቋረጠ ጠዋት አልቆ ታገኙታላችሁ። በወር አንዴ በቂ ነው።

ሁለት ፍላሽ ግዙ፣ አንዱ ለሲስተሙ፣ አንዱ ለሥራችሁ። የሲስተሙን ለማንም አታውሱ፤ ፍላሽ እንደተዘጋ ዲቪዲ አይደለም፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከተሰካ ሊጻፍበት ይችላል። የፕሮግራሞቹን ሙሉ ዝርዝር ኮሜንት ላይ አስቀምጣለሁ። የሞከራችሁ ማሽናችሁ ምን እንደሆነና ስንት ራም እንዳለው ጻፉልኝ።